ሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስ በትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ፦ አራቱ ዓመት እንዴት ይታቀዳል?

ቀመር_ፈላጊ
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ካሉት ትንንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች (በመጀመሪያ ዲግሪና በሰፊ ጠቅላላ ትምህርት ላይ የሚያተኩሩ) በአንዱ ሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር ለምታስብ ተማሪ የሚሆን ተጨባጭ መረጃ እፈልጋለሁ። ኮሌጁ 2000 ያህል ተማሪ አለው፤ የሒሳብ ክፍሉ ስምንት፣ የኮምፒውተሩ አምስት መምህራን አሉት። ካታሎጉ ላይ በእያንዳንዱ ክፍል ከ25 በላይ ኮርስ ተዘርዝሯል። በእርግጥ ሁሉም ይሰጣሉ? ሁለቱንም ሜጀር (ዋና የትምህርት መስክ) ማድረግ ይሻላል ወይስ አንዱን ሜጀር ሌላውን ማይነር (ንዑስ መስክ)? ለፒኤችዲ የሚያበቃ ጥልቀትስ ይገኛል? «ክፍሉ ትንሽ ነው፣ መምህሩ በስም ያውቅሃል» የሚለውን ብሮሹሩም ይለዋል። እኔ የምፈልገው ቁጥርና ቅደም ተከተል ነው።

ሰንጠረዥ
እህቴ፣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ካታሎግ የሚነግርሽ ክፍሉ ሊሰጥ የሚችለውን ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሰጠው ከዚያ በእጅጉ ያንሳል።

አስልተን እንየው። በእንዲህ ያሉ ኮሌጆች አንድ መምህር በዓመት አራት ወይም አምስት ኮርስ ያስተምራል። አምስት እንበል፤ ስምንቱ መምህራን በዓመት 40 ሴክሽን (አንድ ኮርስ ለአንድ የተማሪ ቡድን ሲሰጥ) ይሰጣሉ ማለት ነው። አንዱ ሁልጊዜ ሳባቲካል (ከማስተማር የሚያርፍበት የምርምር ፈቃድ) ላይ ነው ብለሽ አስቢ፤ 35 ይቀራል። ካልኩለስ አንድና ሁለት፣ መግቢያ ስታቲስቲክስ፣ እንዲሁም ለሌሎች ክፍሎች ተማሪዎች የሚሰጡት ኮርሶች 20 ያህሉን ይወስዳሉ። መልቲቫሪያብል ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና የማረጋገጫ መግቢያው (የሒሳብ ማረጋገጫ መጻፍ የሚያስተምረው ኮርስ) ሌላ ሰባት። ለላይኛው ደረጃ የሚተርፈው በዓመት ስምንት ነው። ከስምንቱ ውስጥ ሪል አናሊሲስ፣ አብስትራክት አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲና የአራተኛ ዓመት ሴሚናር ቋሚ ቦታ አላቸው። ቶፖሎጂ፣ ኮምፕሌክስ አናሊሲስ፣ ናምበር ቲዎሪ፣ ኮምቢናቶሪክስ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ኒውመሪካል አናሊሲስ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሎጂክ በቀሩት አራት ቦታዎች ላይ ይፈራረቃሉ። አራት ቦታ፣ ስምንት ኮርስ፤ እያንዳንዱ በሁለት ዓመት አንዴ ይመጣል።

የኮምፒውተሩ ክፍል ደግሞ ይበልጥ ይጠባል። አንዱ መምህር ዕረፍት ላይ ሲሆን 20 ሴክሽን ይቀራል፤ መግቢያ ፕሮግራሚንግና ዳታ ስትራክቸር ብቻ አሥሩን ይወስዳሉ፤ ኮምፒውተር ኦርጋናይዜሽንና አልጎሪዝም አራቱን። በቀሩት ስድስት ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ፣ ኮምፓይለር፣ ማሽን ለርኒንግ፣ ቲዎሪ ኦፍ ኮምፒውቴሽን፣ ፕሮግራሚንግ ላንጉጅስ ወረፋ ይይዛሉ።

ስለዚህ ካታሎጉን ዝጊና የሬጅስትራሩን (የምዝገባ ቢሮውን) የኮርስ መርሐ ግብር ክፈቺ። አብዛኞቹ ኮሌጆች ያለፉትን ዓመታት መርሐ ግብር ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ያለፉትን ስምንት ሴሚስተሮች ወደ ጎን፣ ኮርሶቹን ወደ ታች አድርገሽ ሰንጠረዥ ሥሪ፤ ኮርሱ በተሰጠበት ሳጥን ውስጥ ያስተማረውን ሰው ስም ጻፊ። በስምንት ሴሚስተር አንዴ ብቻ የታየ ኮርስ እንደሌለ ቁጠሪው። ሁለቴም ሆነ ሦስቴ ታይቶ ሁልጊዜ ያስተማረው አንድ ሰው ከሆነ አደጋ አለው፤ ያ ሰው ሳባቲካል ሲወጣ ኮርሱም አብሮት ይወጣል። ሳባቲካል በብዙ ቦታ በሰባተኛው ዓመት፣ በአንዳንዱ ከዚያ ፈጥኖ ይመጣል። «በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ማን ይወጣል?» ብለሽ የክፍሉን ኃላፊ በኢሜይል ብትጠይቂ ነውር የለውም፤ አብዛኞቹ በግልጽ ይመልሳሉ።

ከዚያ ከመጨረሻው ወደ ኋላ አቅጂ። ለምሳሌ ቶፖሎጂ የሚሰጠው በየሁለት ዓመቱ በጸደይ ሴሚስተር ነው እንበል። ቅድመ ሁኔታው ሪል አናሊሲስ ነው፤ እሱ የሚሰጠው በበልግ ብቻ ነው፤ የእሱ ቅድመ ሁኔታ ደግሞ የማረጋገጫ መግቢያ። የማረጋገጫ ኮርሱን በሦስተኛ ዓመት በልግ የወሰደ ተማሪ አናሊሲስን የሚያገኘው በአራተኛ ዓመት በልግ ነው። ቶፖሎጂው የመጣው በሦስተኛ ዓመት ጸደይ ከነበረ ለዘላለም አመለጠው ማለት ነው። ችግሩ የችሎታ አይደለም፣ አንድ ኮርስ አንድ ዓመት መዘግየቱ ነው።

ቬክተር
ሰንጠረዥ ያለው ላይ ትንሽ ልጨምር። መርሐ ግብሩን ስትቆጥሪ የተመዝጋቢውን ቁጥርና የተጠባባቂ ዝርዝሩንም ተመልከቺ። በብዙ ኮሌጅ ዳታ ስትራክቸርና ማሽን ለርኒንግ ከአቅም በላይ ይሞላሉ። ክፍሉ 24 ሰው ብቻ የሚይዝ ሆኖ 20 ሰው ተጠባባቂ ካለ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ቦታ ላታገኚ ትችያለሽ።

አሁን ስለ ሁለት ሜጀር። የተለመደው የአራት ዓመት ቁጥር 32 ኮርስ ነው፤ በሴሚስተር አራት፣ ስምንት ሴሚስተር። የሒሳብ ሜጀር ወደ አሥር፣ የኮምፒውተር ሳይንሱም ወደ አሥር ኮርስ ይጠይቃል። ዲስክሪት ሒሳብና ሊኒየር አልጀብራ ለሁለቱም ከተቆጠሩ ድምሩ 18 ነው። 14 ይቀርሻል። ከዚያ ላይ የአንደኛ ዓመት የጽሑፍ ሴሚናር አንድ፣ የውጭ ቋንቋ ከሁለት እስከ አራት፣ ከሥነ ጥበብ፣ ከሰብአዊና ከማኅበራዊ ሳይንስ ስድስት ያህል። የሚተርፈው ከሦስት እስከ አምስት ኮርስ ነው። ይቻላል፤ ግን አንድ ሴሚስተር ውጭ አገር ሄደሽ ለመማር ካሰብሽ ጠባብ ነው።

ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ ክፍሎቹ ስንት ኮርስ ለሁለቱም እንዲቆጠር ይፈቅዳሉ? አንዳንዱ ሁለት፣ አንዳንዱ ምንም። ሁለተኛ፣ ጥምር ሜጀር አለ? ሃርቪ ማድ ለምሳሌ የኮምፒውተር ሳይንስና የሒሳብ ጥምር ሜጀር አለው፤ ይህ ሁለት ሙሉ ሜጀር ከመደርደር በጣም ይቀላል። እንደ አምኸርስትና ግሪኔል ባሉት ደግሞ የዘርፍ ስርጭት ግዴታ ስለሌለ 14ቱ ኮርሶች በሙሉ በእጅሽ ናቸው ማለት ይቻላል።

ጥልቀት
ቬክተር፣ ስሌቱ ልክ ነው፤ ሐሳቡ ላይ ግን አልስማማም። ለሁለተኛው ሜጀር መሙያ የሚሄዱት የመጨረሻዎቹ አራት ኮርሶች ብዙ ጊዜ ተማሪው የማይፈልጋቸው ናቸው። ሒሳብ ሜጀር ሆና ዳታ ስትራክቸር፣ ሲስተምስ፣ አልጎሪዝም፣ ቲዎሪ ኦፍ ኮምፒውቴሽንና ኦፕሬቲንግ ሲስተም የወሰደች ተማሪ የኮምፒውተሩን እምብርት ይዛለች። የቀሩትን ቦታዎች ለሁለተኛ ሴሚስተር አልጀብራ፣ ለቶፖሎጂ፣ ለግል ጥናት ብታውላቸው የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ የሚያየው ትራንስክሪፕት (የኮርሶችና የውጤት ዝርዝር) ይጠነክራል። ኮሚቴው የሚያነበው የኮርሶቹን ስም ነው፤ ዲግሪው ላይ ስንት ሜጀር እንደተጻፈ አይደለም።

ቬክተር
ለፒኤችዲ እስማማለሁ። ለሥራ ፈላጊ ግን ልዩነት አለው፤ የማመልከቻ ማጣሪያዎች «ኮምፒውተር ሳይንስ» የሚለውን ቃል ይፈልጋሉ። ማይነሩን ቢያንስ ታስመዝግበው።

ዴልታ_ኤፕሲሎን
እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ኮርስ ብቻ ነው፤ የማረጋገጫ መግቢያው። ስሙ እንደ ኮሌጁ ይለያያል፤ ዲስክሪት ሒሳብ፣ ፋውንዴሽንስ ወይም በማረጋገጫ ላይ የተመሠረተ ሊኒየር አልጀብራ ሊሆን ይችላል። ካልኩለስ ላይ ኤ ያገኙ ተማሪዎች የሚወድቁበት ቦታ ይህ ነው፤ ምክንያቱም መልስ ማግኘት ሥራው መሆኑ ያበቃል፤ ሥራው መልሱ ለምን ትክክል እንደሆነ በማያወላዳ ቋንቋ መጻፍ ይሆናል።

የተለመደ ስህተት ላሳይ። «የሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ድምር ተጋማሽ ነው» የሚለውን አረጋግጪ ቢባል፣ ብዙው ጀማሪ የመጀመሪያውን ጎዶሎ «ሁለት ጊዜ ሀ ሲደመር አንድ» ይለዋል፤ ሁለተኛውንም «ሁለት ጊዜ ሀ ሲደመር አንድ»። ደምሮ ተጋማሽ ያገኝና ይጨርሳል። ያረጋገጠው ግን ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው፤ 3 እና 7 በማረጋገጫው ውስጥ የሉም። ለሁለተኛው «ለ» የሚል አዲስ ፊደል ያስፈልግ ነበር። ቀላል ይመስላል፤ ግን ይኸው ስህተት አድጎ አናሊሲስ ላይ ይመለሳል።

እዚያ መልኩ የቅደም ተከተል ስህተት ነው። «ለእያንዳንዱ ነጥብና ለእያንዳንዱ ኤፕሲሎን ዴልታ ይገኛል» እና «ለእያንዳንዱ ኤፕሲሎን ለነጥቦቹ ሁሉ የምታገለግል አንዲት ዴልታ ትገኛለች» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ተራ ቀጣይነት ነው፤ ሁለተኛው ወጥ ቀጣይነት። ቁጥርን በራሱ የሚያባዛው ፈንክሽን በመላው የቁጥር መስመር ላይ የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ሁለተኛውን አያሟላም። ዴልታ የቱንም ያህል ትንሽ ትሁን፣ አንዱን ነጥብ «አንድ ሲካፈል ለዴልታ» አድርጊ፤ ሌላውን ከእሱ የዴልታ ግማሽ ያህል ወደ ቀኝ ውሰጂው። የስኩዌሮቻቸው ልዩነት አንድ ሲደመር የዴልታ ስኩዌር ሩብ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ከአንድ ይበልጣል። ይህን በወረቀት ራስሽ ሠርተሽ እስክታዪው ድረስ ትርጉሙን በቃል መያዝ አይጠቅምሽም።

ስለ ሳምንታዊው የቤት ሥራ። የማረጋገጫ ኮርስ በሳምንት ከስድስት እስከ አሥር ጥያቄ ይሰጣል፤ ከስምንት እስከ 12 ሰዓት ያዢለት። ጥያቄዎቹ በተሰጡ ዕለት ሁሉንም አንብቢና ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ሞክሪ። ብዙዎቹ አይፈቱም፤ ዓላማውም መፍታት ሳይሆን የቱ እንደሚያስቸግር ማወቅ ነው። በሁለተኛው ቀን ወደ አስቸጋሪዎቹ ተመለሺ። በሦስተኛው ቀን ወደ መምህሩ ኦፊስ አወር (ተማሪ በቢሮው የሚቀበልበት ሰዓት) ሂጂ፤ «አልገባኝም» ብለሽ ሳይሆን ሞክረሽ የተሰበረበትን መስመር ይዘሽ። የትንሽ ኮሌጅ ትልቁ ሀብት ይህ ነው፤ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ቆሞ 30 ደቂቃ የአንቺን ማረጋገጫ ብቻ ሲያርም ማየት። የመጨረሻውን ጽሑፍ ከማስረከቢያው ሁለት ቀን ቀድመሽ ጻፊ፤ በማግስቱ እንደ እንግዳ አንብቢው። «ግልጽ ነው» የሚል ቃል በጻፍሽበት ቦታ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳ አለ።

ጽሑፉን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ በላቴክ (የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌር) ጻፊ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓት ይበላል፤ በሦስተኛው ከእጅ ጽሑፍ ይፈጥናል። የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ስትደርሺ መሣሪያውን ከባዶ አትማሪም።

በቡድን መሥራት በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ መጻፉ ግን ለብቻ ነው። ከቡድኑ ስትወጪ ማስታወሻ ሳትይዢ ውጪና አንድ ሰዓት ቆይተሽ ጻፊው። መጻፍ ካቃተሽ አልገባሽም ነበር ማለት ነው። እንደ ሃቨርፎርድና ሃርቪ ማድ ባሉት፣ የክብር ደንብ (ተማሪው ላለማጭበርበር ቃል የሚገባበት) ስላለ፣ ፈታኝ የሌለበት፣ ቤት ተወስዶ በራስ ሰዓት የሚሠራ ፈተና የተለመደ ነው። የተፈቀደው ሰዓት ሲያልቅ እስክሪብቶ ይቀመጣል፤ ደንቡን ማፍረስ ከኮርሱ ነጥብ የከበደ ነገር ነው።

የፖይንተር_ወዳጅ
የዴልታን ጽሑፍ ለኮምፒውተሩ ወገን ልቀጥለው።

የሊበራል አርትስ ኮሌጆች የኮምፒውተር ሥርዓተ ትምህርት የራሱ ታሪክ አለው። የእነዚህ ኮሌጆች መምህራን ተሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1986 ለሊበራል አርትስ ዲግሪ የሚሆን የሞዴል ሥርዓተ ትምህርት አሳትመዋል፤ ዛሬም አሻራው ይታያል። እምብርቱ ትንሽ ነው፤ መርሕ ላይ ያተኩራል፤ ዲስክሪት ሒሳብን ግዴታ ያደርጋል። በዚህም ምክንያት የተለየ መሣሪያ ወይም ፍሬምወርክ የሚያስተምር ኮርስ እምብዛም አታገኚም። እሱን በራስሽ ትጨምሪያለሽ፤ መርሑን ግን በራስ መጨመር ከባድ ነው።

ሰንሰለቱ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ መግቢያ በፓይተን፣ ዳታ ስትራክቸር በጃቫ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ፣ ሲስተምስ በሲ፣ ከዚያ አልጎሪዝም። ተማሪ የሚንገዳገደው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ፓይተን የደበቀው ሜሞሪ በሲ ፊት ለፊት ስለሚመጣ። ሁለት ስህተቶች ከሌሎቹ ሁሉ ይበዛሉ። አንደኛው፣ ለ100 ኢንቲጀር ቦታ ሲጠየቅ ማሎክን (ሜሞሪ የሚመድበውን የሲ ፈንክሽን) 100 ባይት ብቻ መጠየቅ ነው። አንድ ኢንቲጀር በተለመዱት ማሽኖች አራት ባይት ስለሆነ የሚያስፈልገው 400 ነው። ሁለተኛው፣ ጽሑፍ ሲገለበጥ መጨረሻው ላይ ለሚቀመጠው ዜሮ ባይት አንድ ቦታ አለመጨመር፤ «ሰላም» በተራው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ሦስት ፊደል ሆኖ ዘጠኝ ባይት ይይዛል፤ የሚጠየቀው ግን አሥር ነው። የሁለቱም ክፋት ፕሮግራሙ ወዲያው አለመውደቁ ነው። የጎረቤቱን ሜሞሪ አበላሽቶ ይቀጥላል፤ የሚወድቀው ሌላ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ማስረከቢያው ሌሊት ላይ ነው። መድኃኒቱ ልማድ ነው፦ የኮምፓይለሩን ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ አብርተሽ ሥሪ፣ አሥርና ሃያ መስመር በጨመርሽ ቁጥር በቫልግሪንድ (የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ መሣሪያ) አሂጂው፣ በጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ) ኮሚት አድርጊ። 300 መስመር ጽፎ ከዚያ ማሄድ የመጀመሪያው ጥፋት ነው።

አልጎሪዝም ላይ የሚወድቁት ደግሞ ኮድ የማይችሉ አይደሉም፤ ኢንዳክሽን ያልለመዱ ናቸው። የመርጅ ሶርትን ጊዜ ለማስላት ችግሩ በየደረጃው ለሁለት መከፈሉን፣ ደረጃዎቹም የሎጋሪዝሙን ያህል መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል። የሃሽ ሰንጠረዥ ትንተና ፕሮባቢሊቲ ይጠይቃል። ዲስክሪት ሒሳብን ከዳታ ስትራክቸር ጋር በአንድ ሴሚስተር ውሰጂው፤ አንዱ ሌላውን ያብራራል።

ሁለቱ ትምህርቶች ከሁሉ ይበልጥ የሚገናኙት ኒውመሪካል አናሊሲስ ውስጥ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ሲመጣ አያምልጥሽ። ፓይተን ላይ 0.1 ሲደመር 0.2 ብለሽ ብትጽፊ 0.30000000000000004 ይመልስልሻል፤ አንድ አሥረኛ በሁለትዮሽ ሥርዓት ማለቂያ ስለሌለው ነው። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የሚመጣው በሊኒየር አልጀብራ የተማርሽው ትክክለኛ ቀመር ማሽን ላይ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ነው። ሊስት ስኩዌርስን (ለመረጃ ነጥቦች በጣም የሚቀርበውን ቀመር መፈለጊያ ዘዴ) በኖርማል ኢኩዌሽን መፍታት የማትሪክሱን ኮንዲሽን ቁጥር (ትንሽ ስህተት ምን ያህል እንደሚያድግ የሚለካውን) ስኩዌር ያደርገዋል። ቁጥሩ 10⁸ ከነበረ 10¹⁶ ይሆናል፤ ደብል ፕሪሲዥን ደግሞ የሚይዘው 16 ያህል አሃዝ ስለሆነ መልሱ ውስጥ የሚታመን አሃዝ አይቀርም። በኪው-አር ፋክተራይዜሽን በሚባለው ሌላ ዘዴ ብትፈቺው ግን ግማሾቹ አሃዞች ይተርፋሉ። ማረጋገጫ የምታውቅና ኮድ የምትጽፍ ተማሪ ይህን ሁለቱንም ወገን ታያለች፤ ለዚህ ስትይ ብቻ ሁለቱን ትምህርቶች አብሮ መማር ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ኮሌጆች በአብዛኛው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስለሌላቸው የቤት ሥራ አራሚዎቹና የላብራቶሪ ረዳቶቹ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ኮርሱን በጥሩ ውጤት እንደጨረስሽ በዚያው ሴሚስተር መጨረሻ አመልክቺ። የሌላን ሰው የተሰበረ ኮድ በሳምንት ስድስት ሰዓት ማረም ከብዙ ኮርስ ይበልጣል።

ቀመር_ፈላጊ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል ዝርዝር አልጠበቅሁም። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አንዳንድ ኮሌጆች በሴሚስተር ፈንታ በአንድ ጊዜ አንድ ኮርስ ብቻ ይሰጣሉ፤ ለሒሳብ ይሆናል? ደግሞ ጎረቤት ኮሌጅ ሄዶ መማር ይቻላል የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው?

ሰንጠረዥ
የብሎክ ሥርዓት የሚባለውን ኮሎራዶ ኮሌጅ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አዮዋ የሚገኘው ኮርኔል ኮሌጅ ከ1978 ጀምሮ ይጠቀሙበታል (ኒው ዮርክ ካለው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር አይምታታ)። አንድ ኮርስ ሦስት ሳምንት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ወደ 18 የትምህርት ቀን። 14 ሳምንት የሚወስድ ሴሚስተር እዚያ ውስጥ ሲታጠፍ አንድ ቀን ከሞላ ጎደል የአንድ ሳምንት ትምህርት ይይዛል። ለፕሮግራሚንግ ፕሮጀክት ድንቅ ነው፤ ሙሉ ቀን አንድ ኮድ ላይ ትቀመጫለሽ። ለሪል አናሊሲስ ግን ከባድ ነው። ማረጋገጫ አድሮ የሚበስል ነገር ነው፤ ሰኞ ያቃተ ጥያቄ ሐሙስ ራሱ ይከፈታል፤ ብሎክ ላይ ሐሙስ ሌላ ምዕራፍ ተጀምሯል። ሁለት ቀን መታመምም የሁለት ሳምንት ያህል ትምህርት ያሳጣል።

ካርልተን በዓመት ሦስት የአሥር ሳምንት ተርም አለው፤ በተርም ሦስት ኮርስ። መካከለኛ ፍጥነት ነው፤ ያም ሆኖ በአምስተኛው ሳምንት ግማሹ አልቋል፤ ወደ ኋላ የቀረ ተማሪ የሚያገግምበት ጊዜ አጭር ነው።

ስለ ጎረቤት ኮሌጅ፦ እውነት ነው፤ ግን ጂኦግራፊውን ተመልከቺ። ክሌርሞንት ውስጥ ፖሞና፣ ሃርቪ ማድ፣ ክሌርሞንት ማኬና፣ ስክሪፕስና ፒትዘር ጎን ለጎን ናቸው፤ በእግር ተሄዶ ይማራል። እዚያ የአምስቱ ኮሌጆች ሒሳብ ሲደመር የአንድ መካከለኛ ዩኒቨርሲቲ ያህል ምርጫ ይሰጣል። ማሳቹሴትስ ውስጥ አምኸርስት፣ ስሚዝ፣ ማውንት ሆልዮክና ሃምፕሻየር ከዩማስ አምኸርስት (ከማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ) ጋር የተሳሰሩ ስለሆኑ የድኅረ ምረቃ ኮርስ ሳይቀር መድረስ ይቻላል፤ ግን በአውቶቡስ። ሃቨርፎርድ፣ ብሪን ማውርና ስዋርትሞርም እንዲሁ ይጋራሉ። አውቶቡስ ሲኖር ለአንድ ኮርስ የመንገዱን ሰዓት ከፊትና ከኋላ ጨምሪ፤ ከዚያ ሰዓት ጋር የሚጋጭ ሌላ ኮርስ አትያዢ። የሞሉ የኮምፒውተር ኮርሶች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የሚያገኙት የራሱ የኮሌጁ ተማሪዎች ናቸው።

ጥልቀት
ወደ ፒኤችዲው ጥያቄ። የሒሳብ ድኅረ ምረቃ ጠንካራ አመልካች አናሊሲስና አልጀብራን እያንዳንዳቸውን ሁለት ሴሚስተር፣ ቶፖሎጂ፣ ኮምፕሌክስ አናሊሲስ፣ ቢቻል አንድ የድኅረ ምረቃ ደረጃ ኮርስ ይዞ ይመጣል። ትንሹ ኮሌጅ ከእነዚህ ግማሹን ይሰጥሻል። ቀሪውን በሦስት መንገድ ትሞይዋለሽ።

አንደኛው የግል ጥናት ነው። መምህሩን የምትጠይቂው ሴሚስተሩ ሲጀምር አይደለም፤ ከዚያ በፊት ባለው ሴሚስተር መካከል ላይ ነው። ባዶ እጅ አትሂጂ፤ የ13 ሳምንት ዕቅድ ጽፈሽ ሂጂ፦ በየሳምንቱ የትኛው ምዕራፍ ይነበባል፣ ስንት ማረጋገጫ ይቀርባል። ለመምህሩ ብዙ ጊዜ እንደ ማስተማር ሥራ ስለማይቆጠርለት ልመናሽ ከጊዜው ላይ ነው፤ ይህን አውቀሽ ጠይቂ። ከሁሉ የሚሠራው ቅርጽ በሳምንት አንድ ሰዓት አንቺ ሰሌዳ ላይ ቆመሽ ማስረዳት፣ ሦስት ወይም አራት ማረጋገጫ በጽሑፍ ማስረከብ ነው። ብዙ የግል ጥናት በአምስተኛው ሳምንት ይሞታል፤ ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሌሎቹ ኮርሶች ማስረከቢያ ቀን አላቸው፣ የእሱ የለውም። ስለዚህ ማስረከቢያውን ራስሽ ጠይቂና አስጽፊ።

ሁለተኛው የቡዳፔስት ሴሚስተር፣ ሃንጋሪ ሄዶ አንድ ሴሚስተር ሒሳብ መማር ነው። የሃንጋሪ የሒሳብ ሊቃውንቱ ኤርዶሽ፣ ሎቫስና ቬራ ሾሽ ሐሳቡን አመንጭተው በ1985 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ በተለይ ኮምቢናቶሪክስ ላይ ጠንካራ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ መሄድ የተለመደ ነው፤ ከመሄድሽ በፊት ግን የሰንጠረዥን ሰንጠረዥ ተመልከቺ፤ በበልግ ብቻ የሚሰጥ ግዴታ ኮርስ እንዳያመልጥሽ። ለኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ እዚያው ቡዳፔስት የአኲንኩም ተቋም ፕሮግራም አለ።

ሦስተኛው የበጋ ምርምር ነው። አር-ኢ-ዩ የሚባሉት ፕሮግራሞች ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ይቆያሉ፤ የማመልከቻ ቀናቸው በአብዛኛው ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ ከባድ ገደብ አለ፦ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚከፈለው ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ነው። የተማሪ ቪዛ ያላት ሰው የራሷን ኮሌጅ የበጋ የምርምር ገንዘብ ትጠይቅ፤ ብዙዎቹ ኮሌጆች አላቸው፤ ዜግነትም አይጠይቅም። መምህሩን በኅዳርና ታኅሣሥ አነጋግሪ፤ በየካቲት ቦታው ተይዟል።

የድጋፍ ደብዳቤ ሦስት ያስፈልጋል። ከትንሽ ኮሌጅ የሚመጡ ደብዳቤዎች ዝርዝር ስላላቸው ክብደት አላቸው፤ ሦስቱም ከአንድ ኮሪደር ሲሆኑ ግን አንባቢው ማወዳደሪያ ያጣል። ከውጭ አንድ ድምፅ፣ ከበጋ ምርምር ወይም ከቡዳፔስት፣ ይህን ይፈታል። ስዋርትሞር ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የክብር ፕሮግራም ከሌላ ተቋም የመጡ ፈታኞች በጽሑፍና በቃል ይፈትናሉ፤ ለዚሁ ችግር ጥሩ መልስ ነው። ሪድ ደግሞ ተማሪውን ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስጽፋል።

የጂ-አር-ኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) የሒሳብ ፈተና የሚጠይቅ ፕሮግራም ካለ፦ 66 ጥያቄ፣ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፤ ግማሹ ካልኩለስ ነው። የላይኛው ደረጃ ኮርስ ላይ ያለች ተማሪ የምትወድቀው በቶፖሎጂው አይደለም፤ ከሦስት ዓመት በፊት የረሳችው ኢንተግራል ላይ ነው። የፑትናም የሒሳብ ውድድርንም ሞክሪ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በታኅሣሥ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በሁለት የሦስት ሰዓት ክፍለ ጊዜ 12 ጥያቄ፣ ከ120። መካከለኛው ውጤት ብዙ ጊዜ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የቀረበ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጥያቄ በሙሉ መፍታት በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ቬክተር
በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ለሚማሩ አጭር ማሳሰቢያ። ከምረቃ በኋላ የ12 ወር የሥራ ፈቃድ አለ፤ ለሳይንስና ሒሳብ ዘርፎች 24 ወር ሊጨመር ይችላል። የሚወስነው አይ-20 (ኮሌጁ ለቪዛ የሚሰጠው ሰነድ) ላይ ያለው የሜጀሩ ኮድ ነው፤ ሒሳብ በ27፣ ኮምፒውተር ሳይንስ በ11 ይጀምራል። ራስሽ የምትቀርጪው ሜጀር ግን ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ኮድ ሊሰጠው ይችላል፤ ሜጀር ከማስመዝገብሽ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎችን ቢሮ ጠይቂ። በትምህርት ወቅት የሚወሰድ ሙሉ ሰዓት ልምምድ 12 ወር ከሞላ ደግሞ የምረቃ በኋላው ፈቃድ ይቀራል።

ቀመር_ፈላጊ
በነገራችሁኝ መሠረት የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት እንዲህ አወጣሁት፤ አርሙልኝ። ካልኩለስ አንድና ሁለት ተቆጥሮልኛል እንበል። አንደኛ ዓመት በልግ፦ መልቲቫሪያብል ካልኩለስ፣ መግቢያ ፕሮግራሚንግ፣ የጽሑፍ ሴሚናር፣ ቋንቋ። ጸደይ፦ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዳታ ስትራክቸር፣ መግቢያ ስታቲስቲክስ፣ ቋንቋ። ሁለተኛ ዓመት በልግ፦ የማረጋገጫ መግቢያ፣ ሲስተምስ፣ ሌሎች ሁለት። ጸደይ፦ አብስትራክት አልጀብራ፣ አልጎሪዝም፣ ሌሎች ሁለት። ሪል አናሊሲስ በሦስተኛ ዓመት በልግ።

ዴልታ_ኤፕሲሎን
ጥሩ ነው፤ ግን ማረጋገጫው አንድ ሴሚስተር ዘግይቷል። ሊኒየር አልጀብራ በብዙ ቦታ ካልኩለስ ሁለትን ብቻ ይጠይቃል፤ እሱን ወደ መጀመሪያው በልግ አምጪው፣ መልቲቫሪያብሉን ለጊዜው አውጪው። ጸደይ ላይ ስታቲስቲክሱን አውጥተሽ የማረጋገጫ መግቢያውን ከዳታ ስትራክቸር ጋር አስገቢ። መግቢያ ስታቲስቲክስ ለሒሳብ ሜጀር ብዙ ጊዜ አይቆጠርም፤ በኋላ በፕሮባቢሊቲ ላይ የተመሠረተውን ትወስጂያለሽ። እንዲህ ከሆነ ሪል አናሊሲስ በሁለተኛ ዓመት በልግ ከሲስተምስ ጋር ይገባል፤ በዚያ ሴሚስተር የቀሩት ሁለት ኮርሶች የቤት ሥራቸው ንባብና ጽሑፍ የሆኑ ይሁኑ። መልቲቫሪያብሉ ከአብስትራክት አልጀብራና ከአልጎሪዝም ጋር በጸደይ ይምጣ፤ ስሌት ስለሆነ ከማረጋገጫው ጋር ይመጣጠናል። ሳምንታዊ የጥያቄ ወረቀት ያለው ኮርስ በአንድ ሴሚስተር ከሦስት አይለፍ።

ጥቅሙ ይህ ነው፤ የበጋ ምርምር ማመልከቻ በጥርና በየካቲት ሲሞላ የአናሊሲስ ውጤትሽ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሰፍሯል፤ ያስተማረሽም ሰው ደብዳቤ ሊጽፍልሽ ይችላል።

ቀመር_ፈላጊ
አንድ ብቻ። የማረጋገጫ መግቢያው በጸደይ ካልተሰጠስ?

ሰንጠረዥ
በበልግ ብቻ ከሆነ በማረጋገጫ የሚሰጥ የሊኒየር አልጀብራ ሴክሽን መኖሩን የክፍሉን ኃላፊ ጠይቂ፤ ካለ ብዙ ጊዜ በፈቃድ ይተካል። ከሌለ በመጀመሪያው በልግ ራሱን የማረጋገጫ መግቢያውን ከመግቢያ ፕሮግራሚንግ ጋር ያዢውና ሊኒየር አልጀብራን ወደ ጸደይ ግፊው። ፈቃዱን በኢሜይል አስጽፊ፤ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ኃላፊው ሳባቲካል ሲወጣ ሬጅስትራሩ ዘንድ አይገኝም።